«የልጃችንን ሒሳብ እኛም እንምረጥ!» ያሉ ወላጆች

ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው። ፒያሳም ሆናችሁ ደምሩት፣ አዳማም ሆናችሁ ደምሩት፣ አሜሪካም ሄዳችሁ ደምሩት፣ ያው አራት ነው። ፖለቲካ ያጣላል፤ ኳስ ያጣላል፤ የአከራይና የተከራይ ነገርማ አይነሳ! ሒሳብ ግን ምኑ ያጣላል? ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ካላችሁ እስቲ አረፍ በሉና ይቺን አንብቡ።

አሜሪካኖች እኮ በሒሳብ የተነሳ ፊርማ አሰባስበዋል፤ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝተው አቤት ብለዋል፤ ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ ጭራሽ ጉዳዩን ምርጫ ኮሮጆ ድረስ ወስደውታል። ነገሩን ራሳቸው «የሒሳብ ጦርነት» ብለው ነው የሚጠሩት። ጥያቄው ደግሞ አጭር ነው፦ ልጄ ሒሳብን በየትኛው መንገድ ይማር? መንገዱን የሚመርጠውስ ማነው? ትምህርት ቤቱ ብቻ ወይስ እኔ ወላጁም?

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» አትበሉ። ከእናንተ መሀል ታናሽ እህቱን የቤት ሥራ የሚያሠራ፣ ከዩኒቨርስቲ መልስ የሰው ልጅ እያስጠና የኪስ ገንዘብ የሚያገኝ፣ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ አግብቶ ልጁን አንደኛ ክፍል የሚያስገባ ስንቱ ነው? እንግዲህ ያገባችኋል ማለት ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ የአሜሪካኖቹን ዓመተ ምህረት የማስቀምጠው በራሳቸው አቆጣጠር ነው።

ጠቡ ከየት መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1989 የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት አንድ ትልቅ ሰነድ አወጣ። መልእክቱ ባጭሩ ሲጨመቅ፣ «ልጆችን እንደ በቀቀን ማሸምደድ ይቅር፤ ለምን እንደሆነ ይግባቸው፤ ራሳቸው ይመራመሩ፤ በቡድን ይወያዩ፤ ካልኩሌተርም ይጠቀሙ» የሚል ነበር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በየክፍሉ «6 ጻፍ፣ 1 በእጅህ ያዝ» እየተባለ፣ ያ በእጅ የተያዘው 1 ምን እንደሆነ ሳይገባው ስንቱ ተማሪ 12ኛ ክፍል ደርሷል!

ከዚያ በመንግሥት ገንዘብ ጭምር እየታገዙ አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ወደ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ያኔ ነው ወላጅ የልጁን ደብተር ገልጦ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ማለት የጀመረው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 156ን ለ6 አካፍሉ ብትባሉ፣ እኛ የምናደርገው ይታወቃል። 15 ውስጥ 6 ሁለት ጊዜ አለ፤ 12 ቀንሰን 3 ይቀራል፤ 6ን እናወርዳለን፤ 36 ውስጥ 6 ስድስት ጊዜ፤ መልሱ 26። አለቀ። በአንዳንዶቹ አዳዲስ መጻሕፍት ግን ልጁ እንዲህ ያደርጋል። «10 ጊዜ 6፣ 60 ነው። ከ156 ስቀንስ 96። አሁንም 10 ጊዜ 6፣ 60። ከ96 ስቀንስ 36። 6 ጊዜ 6፣ 36። ባዶ ቀረ። 10 እና 10 እና 6 ስደምር 26።» መልሱ ያው ነው። መንገዱ ግን ሌላ።

አያችሁ? ሁለተኛው መንገድ ስህተት የለበትም። እንዲያውም ማካፈል ማለት እየደጋገሙ መቀነስ መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ግን ይረዝማል። ቁጥሩ ሲተልቅ ወረቀት ይጨርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እቤት ያለው ወላጅ አያውቀውም። የጠቡ ዋና ምንጭ እዚህ ላይ ነው።

«ማሚ፣ ያንቺ ሒሳብ ስህተት ነው»

የአክስቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። የምትኖርበትን ከተማ አልጠራም፤ የልጇ ትምህርት ቤትም ስም ይቅር። እሷ ማለት እዚህ ሳለች ሒሳብ የምትባል ነገር እንደ ውሀ የምትጠጣ ልጅ ነበረች። በሰፈራችን ፈተና ሲደርስ ተማሪው ሁሉ እሷ ዘንድ ነበር የሚሰለፈው። እዚያ ሄዳ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ማታ ማታ ትሠራለች። ባሏ ታክሲ ይነዳል።

ታዲያ አንድ ቀን በስልክ ያወራችኝን ልንገራችሁ። ልጇ አራተኛ ክፍል ነው። የማካፈል የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። ግራ ሲገባው አጠገቡ ቁጭ ብላ እኛ በተማርንበት መንገድ ታሳየዋለች። ልጁ ይገባዋል፤ 10 ጥያቄ ቁጭ ብድግ ሳይል ይሠራል። ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በማግስቱ ደብተሩ ሲመለስ መልሶቹ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ነጥቡ ግን ጎድሏል። ለምን ቢባል «በተማርከው መንገድ አልሠራህም» ተብሎ።

ነጥቡ አይደለም የቆጫት። ልጁ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ማሚ፣ ካሁን በኋላ አታስጠኚኝ። ያንቺ ሒሳብ ስህተት ነው።»

«እንግሊዝኛዬን ሲያርመኝ ችዬዋለሁ» አለችኝ። «ታሪካቸውን አታውቂም ሲለኝም እውነቱን ነው ብያለሁ። ሒሳብ ግን የኔ ነበር። ከአገሬ ይዤው የመጣሁት፣ ያለ ቋንቋ ለልጄ የምሰጠው አንድ ነገር እሱ ነበር። እሱንም ወሰዱብኝ።»

ይቺ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስደተኛ ወላጅ ምን ሀብት አለው? ጉልበቱን ለሥራ ሸጦታል፤ ጊዜ የለውም፤ ቋንቋው ይጎድላል። 7 ጊዜ 8 ግን በአማርኛም 56 ነው። ያችን እንኳ ለልጁ ማውረስ ሲከለከል ቤት ውስጥ የሚፈርሰው ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የእናትነት ክብርም አብሮ ይነካል።

ደግነቱ የአክስቴ ልጅ አልቅሳ አልተቀመጠችም። ቬትናማዊት ጎረቤቷ፣ አንዲት ሶማሌያዊት እናት፣ አንድ ሁለት ፈረንጆችም ተጨምረው አስተማሪዋን ቀጠሮ ጠየቁ። «መጽሐፉን ቀይሩ» አላሉም። ያሉት «መልሱ ትክክል ከሆነና ልጁ እንዴት እንደሠራው ማስረዳት ከቻለ የቤቱ መንገድም ይቆጠርለት» ነው። አስተማሪዋ ዳይሬክተሩን አማከረች። ተፈቀደ! ፈተና ላይ ሁለቱንም መንገድ ማወቅ ግድ ነው፤ የቤት ሥራ ላይ ግን ልጁ የመሰለውን ይመርጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ አይደል?

ፍርድ ቤት የደረሰው ሒሳብ

ሁሉም ግን እንዲህ በሰላም አልተፈታም። በቴክሳስ ፕላኖ በምትባል ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አዲስ የሒሳብ መጽሐፍ ገባ። ወላጆች «ለፈለገ አዲሱ፣ ለፈለገ ነባሩ ይሰጥልን» ብለው ጠየቁ። እሺ የሚላቸው ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ በጠራው የሒሳብ ምሽት ላይ ወረቀት ሊበትኑ ሞከሩ። ተከለከሉ። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባና በ2001 እና በ2003 ይግባኝ ሰሚው ድረስ ደረሰ። የሚገርመው ዳኞቹን ይግባኝ ላይ ያከራከራቸው የትኛው ሒሳብ ይሻላል የሚለው አይደለም፤ ወላጅ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ሐሳቡን በወረቀት መበተን ይችላል አይችልም የሚለው ነው። ከማካፈል ተነስተው የመናገር ነጻነት ላይ ደረሱ!

በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር 10 የሒሳብ ፕሮግራሞችን «ምርጥና ተስፋ ሰጪ» ብሎ ስም ዝርዝራቸውን አወጣ። ወዲያው ከ200 በላይ የሒሳብና የሳይንስ ምሁራን፣ የኖቤል ተሸላሚዎች ሳይቀሩ፣ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ሙሉ ገጽ ግልጽ ደብዳቤ አሳትመው «ዝርዝሩን አንሱልን» አሉ። እንግዲህ «ወላጅ አያውቅም» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ምሁራኑን «አታውቁም» ሊሏቸው አልቻሉም።

ከሁሉም የኛን ሰው የሚነካው የሲያትሉ ታሪክ ነው። ሲያትል የሐበሻ አገር ናት ማለት ይቻላል፤ የከተማዋ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለወላጅ የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛም ጭምር እያስተረጎመ ነው የሚልከው። በ2009 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ለሁለተኛ ደረጃ አዲስ የሒሳብ መጽሐፍ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ መረጠ። ልጁ በራሱ እየተመራመረ እንዲደርስበት የሚያደርግ፣ ጽሑፍ የሚበዛበት መጽሐፍ ነው። ሦስት ሰዎች ከሰሱ። አንዷ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዷ እናት፣ አንዱ የአየር ጠባይ ሳይንስ ፕሮፌሰር። ክርክራቸውን ልብ በሉ፦ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ገና ለሚማረው የስደተኛ ልጅና ለድሀው ልጅ ይብስበታል፤ ልዩነቱን ያሰፋዋል» ነው ያሉት።

በየካቲት 2010 ዳኛዋ ለከሳሾቹ ፈረደችላቸው። ቦርዱ ውሳኔውን መልሶ እንዲያየው አዘዘች። ወላጆች ጨፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው። መጽሐፍ መምረጥ የቦርዱ ሥልጣን ነው ተባለ።

ያም ሆኖ ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። እዚያው ሲያትል አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከከተማው መጽሐፍ ሌላ እንዲጠቀሙ ፈቃድ ተሰጣቸው። አንዱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሲንጋፖርን ሒሳብ ነበር ያስተምር የነበረው። በ2014 ደግሞ ቦርዱ ለአንደኛ ደረጃ በሲንጋፖር አካሄድ የተዘጋጀ መጽሐፍ መረጠ፤ አሁንም 4 ለ3! ፍርድ ቤት የነሳውን ጊዜና ምርጫ ሰጡ ማለት ነው።

ገንዘብ ያለው ሁሌም ይመርጣል

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ምርጫ ለሀብታም ተከልክሎ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረውን ያልወደደ ባለገንዘብ ልጁን የግል ያስገባል፤ ካልሆነም አስጠኚ ይቀጥራል። የሳንፍራንሲስኮን ነገር እዩ። በ2014 የከተማዋ ትምህርት ቤቶች 8ኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረውን አልጀብራ አስቀርተው «ሁሉም እኩል 9ኛ ክፍል ይጀምር» አሉ። ዓላማው ደሀና ሀብታም እንዳይለያዩ ነበር። አቅም ያለው ቤተሰብ ግን ከፍሎ ልጁን ውጭ አስተማረ። ደሀው ቀረ። ወላጆች ዓመታት ከጮኹ በኋላ በመጋቢት 2024 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ከ100 መራጭ ከ80 በላይ የሚሆነው «አልጀብራው ይመለስ» አለ። ቦርዱም አስቀድሞ፣ ከወር በፊት፣ እንዲመለስ ወስኖ ነበር።

ስለዚህ «ምርጫ ስጡን» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት መስሎ እንዳይታያችሁ። ምርጫ በትምህርት ቤት ካልተሰጠ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በገንዘብ ይሸጣል።

የትምህርት ቤቶቹንም መልስ እንስማ፤ አንድ ወገን ብቻ ይዞ መፍረድ ደግ አይደለም። «አንድ አስተማሪ 30 ልጅ ይዞ ለግማሹ በዚህ፣ ለግማሹ በዚያ ሊያስተምር አይችልም» ይላሉ። እውነት ነው። «ልጅ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዛወር ይደናገራል» ይላሉ። ይሄም እውነት ነው። «ድምፁ ከፍ ያለ ወላጅ የሚፈልገው ብቻ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ማታ የምትሠራ እናት ስብሰባ ላይ አትገኝማ! ቢሆንም የሚቻልበት መንገድ አለ። የጆርጂያ ግዛት በ2011 ሁለት ዓይነት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስቀምጦ የየአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲመርጥ ፈቅዷል። ሰማይ አልተደፋም።

የቱ ነው የሚሻለው? የምትሉ አላችሁ። እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ያቋቋሙት የሒሳብ አማካሪ ጉባኤ በ2008 የሰጠውን መልስ ልንገራችሁ። መግባት፣ መፍጠንና ጥያቄ መፍታት እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው፤ የቱ ይበልጣል ብሎ መከራከር የተሳሳተ ነው ብሏል። ማለትም 7 ጊዜ 8 ስትባል ጣትህን ሳትቆጥር 56 ማለትም አለብህ፤ 56 ከየት እንደመጣ ማስረዳትም አለብህ። አንድ እግር ይዞ የሚሮጥ የለም።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ

እኛ ዘንድ ይሄ ጥያቄ ተነስቶ ያውቃል? በ1990ዎቹ መጨረሻ በኛ አቆጣጠር ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ሲገባ አስታውሱ። ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ «ቆይ አልገባኝም» ቢሉት የማይሰማ አስተማሪ! ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ይገለበጣል። ያኔ ወላጅ «ልጄ በሰው ይማርልኝ» ብሎ ፊርማ አሰባሰበ ሲባል እኔ አልሰማሁም። ተማሪው አጉረመረመ፤ አስተማሪው ጥግ ቆሞ አብሮ ተመለከተ፤ ጊዜው አለፈ።

ምርጫ ያለው የግል ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የግሎቹ አንዳንዶቹ በአማርኛ «ሒሳብ»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ማትስ» እያሉ ለአንድ ሕፃን ሁለት መጽሐፍ ሲያሸክሙት ኖረዋል። ይሄም ምርጫ ከተባለ ለከፋይ ነው። ሕፃኑ ደግሞ «ስምንት ሲባዛ በሰባት» እና «ኤይት ታይምስ ሰቨን» አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ካጣ ጉዱ ፈላ።

የወላጅና የመምህራን ኅብረት የሚባል አለን። ስብሰባው ላይ ስለ አጥር ይወራል፤ ስለ ዩኒፎርም ይወራል፤ ስለ ክፍያ ጭማሪ ሲሆንማ አዳራሹ ይሞላል። «ልጆቻችን ክፍልፋይን እንዴት ነው የሚማሩት?» ብሎ እጁን የሚያወጣ ግን ብርቅ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ነው የምንደነግጠው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር 12ኛ ክፍል ከተፈተነው ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ከመቶ። ያ ሁሉ ልጅ የወደቀው የፈተናው ቀን ነው ብላችሁ ነው? ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለ ማካፈል ያልገባው ቀን ነው እንጂ። ያን ቀን ደግሞ የጠየቀ ወላጅ አልነበረም።

እናስ ምን እናድርግ?

ታናሾቻችሁን ለምታስጠኑ፣ ለእህቶችና ለወንድሞች፣ ለወጣት ወላጆችም ጭምር ጥቂት ምክር አለኝ።

አንደኛ፣ የልጁን ደብተር ሳታዩ የራሳችሁን መንገድ አትጀምሩ። «ቲቸር እንዴት ብላ ነው ያሳየችህ?» በሉትና እሱ ያስተምራችሁ። ያስረዳ ልጅ ይገባዋል። ከዚያ የእናንተን አሳዩትና «መልሳችን አንድ ሆነ አይደል? ለምን ይመስልሃል?» በሉት። ያኔ የልጁ ጭንቅላት ሲሠራ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ለጠብ አትሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የምታስተምሩት በየትኛው መጽሐፍ ነው? ማን መረጠው? ልጄ ትክክለኛ መልስ በሌላ መንገድ ቢያመጣ ይቆጠርለታል? ይህችን መጠየቅ ነውር የለበትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ትምህርትም ግን አይገባበትም።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ «ነገረኛ» ይባላል፤ አምስት ሆነው ሲጠይቁ ስብሰባ ይጠራል። የማትችለውን እናት ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ ጉሊት የምትውለዋን፣ ቀን ሙሉ እንጀራ የምትጋግረዋን። ከሁሉ በላይ ምርጫ የሚያስፈልገው ለእሷ ልጅ ነው።

አራተኛ፣ የማባዛት ሰንጠረዥን አትናቁ። የትኛውም መጽሐፍ ቢመጣ፣ የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ቢቀየር፣ እሷ ከልጁ ጋር ትኖራለች። ታክሲ ውስጥ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ እግር ሲታጠብ «9 ጊዜ 6?» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም።

መጨረሻ የምለው ይሄ ነው። ፕላኖዎቹም ሆኑ ሲያትሎቹ ፍርድ ቤት ያሸነፉትም የተሸነፉትም ወላጆች አንድ ነገር አግኝተዋል። ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ ያውቃሉ። እኛስ? ዛሬ ማታ ከጎናችሁ ያለውን ሕፃን ደብተር ገልጣችሁ እዩና፣ ያያችሁትን ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልኝ።

ሳምንት ሰው ይበለን!